ሾፌሩና ትኬት ቆራጩ

ልጅቷ ዓሣዎቹን የሚመግበውን ማሽን ከመስታወት ገንዳው ጠርዝ ጋር እያሰረች ነበር። አባቷ ሶፋው ላይ እንደተቀመጠ፣ ወሬውን ሳያቋርጥ፣ አንገቱ ላይ በገመድ ያንጠለጠላትን ሪሞት ጫን አደረጋት።

"እና እኔ ብረሳቸውም ይኼ ማሽን አይረሳቸውም በይኛ!"

"አንተ ብትረሳም፣ ብትተኛም፣ ጨርሰህ ከቤት ብትወጣም።"

"ወይ ጉድ! ያ የማዶው ጡረተኛ ይህን ያየ ቀን እንቅልፍ አይወስደውም።"

ይህን ብሎ ከዘራውን ሳበና ተነሳ። ጤነኛ እግሩን አስቀድሞ የታመመውን እያስከተለ፣ ቀስ እያለ ወደ ኮሪደሩ አመራ። ልክ የመታጠቢያ ቤቱ በር ላይ ሲደርስ የውስጡ መብራት ቦግ አለ። አባቷ ዞር ብሎ አያት፤ ፊቱ በኩራት በርቷል።

"አየሽ? ገና ሳልደርስ ያውቀኛል!"

ልጅቷ ፈገግ አለች። ካቻቢቴውን መልሳ ካነሳች በኋላ ግን እጇ ባለበት ቀረ። አባቷ ቁልፉን የተጫነው በሩ ጋ ሆኖ አይደለም። የተጫነው ገና ሶፋው ላይ ተቀምጦ፣ ስለ ዓሣዎቹ ሲያወራ ነው።

ይህች ልጅ መተዳደሪያዋ ይኸው ነው፤ የሰው ቤት እየዞረች መብራቱን፣ በሩን፣ የውሃ ፓምፑን በአንድ መቆጣጠሪያ ሥር ታስገባለች። የሀብታም ቪላም፣ የሆቴል ክፍልም ሠርታለች። እንደዚህ ቤት የምትኮራበት ግን አልነበራትም። እናቷ ካረፈች በኋላ አባቷን ስትሮክ መትቶት ግራ ጎኑ ሲዝል፣ ዘመድ ሁሉ "ከእንግዲህ ብቻውን አይሆንለትም" እያለ ከንፈሩን ሲመጥ፣ እሷ እጅጌዋን ሰብስባ ገባች። የግቢው በር፣ መብራቱ ሁሉ፣ ፓምፑ፣ አልጋው አጠገብ ያለው የድረሱልኝ ደወል፣ ሁሉም ኮሪደሩ ግድግዳ ላይ ለተሰቀለች አንዲት ትንሽ ሳጥን እንዲታዘዙ አደረገች። ዕድሜውን የከተማ አውቶቡስ ሲነዳ የኖረው አባቷ ሳጥኗን ገና ባየበት ቀን "ሾፌሩ" ብሎ ሰየማት። ለመጣ እንግዳ ሁሉ ከዘራውን ወደ ግድግዳው እየቀሰረ፣ "አንድ ሾፌር፣ ሙሉ ቤት! የልጄ ሥራ ነው" ይላል።

ታዲያ እንግዳ በመጣ ቁጥር ቤቱ አንድ ነገር ይጨመርለታል። እንግዳው አድንቆ ሲወጣ አባቷ ስልክ ይመታል። "ልጄ፣ መጋረጃውስ በራሱ ቢከፈት?" መጋረጃው በራሱ ተከፈተ። "ሰው ሲገባ ሙዚቃ ቢቀበለውስ?" ሙዚቃው ገባ። ቀጥሎ የጓሮው ባለቀለም መብራት፣ ቀጥሎ ደግሞ በር ላይ የቆመውን ሰው ፊት የሚለየው ካሜራ፤ ዛሬ ደግሞ የዓሣዎቹ መጋቢ። ለደንበኛ "ይኼ ይቅርብዎት" ማለት የማይከብዳት ሴት፣ ለአባቷ እምቢ የሚል አንደበት አጣች። እውነቱን ለመናገር፣ ሙገሳውም ይጥማት ነበር። ሁሉንም በዚያችው ሳጥን ላይ ጫነችው።

መጋቢውንም ለዛሬ ያደረሰችው ያለ ምክንያት አይደለም። ከሰዓት በኋላ የአባቷ ታላቅ ወንድም ይመጣሉ። ዕድሜ ልካቸውን ትምህርት ቤት ሲመሩ ኖረው ጡረታ የወጡ ናቸው፤ ቤተሰቡ ዛሬም "ዳይሬክተሩ" ነው የሚላቸው። እሳቸው ሲናገሩ ሰው ሁሉ ሳያውቀው ይሰለፋል። በስልክ የተናገሩት ደግሞ ቁርጥ ያለ ነበር፦ "መጥቼ አያለሁ። ብቻህን መኖር የማትችል ከሆነ ግን ክፍል አሰናድቼልሃለሁ፣ ይዤህ ነው የምሄደው።" አባቷ ይህን ከሰማ ወዲህ ምግቡም አልጣመው። "የገዛ ቤቴን ትቼ የሰው ሳሎን ላሞቅ?" እያለ ብቻውን ሲያጉረመርም ሰነበተ።

ልጅቷ ካቻቢቴውን አስቀመጠችና ወደ ኮሪደሩ ሄደች። የግድግዳውን ማብሪያ ተጫነች። ምንም የለም። ጠበቀች። እንደገና ልትጫን ጣቷን ስታነሳ፣ መብራቱ ከእንቅልፉ በግድ እንደተቀሰቀሰ ሰው ተንጠራርቶ በራ።

በዚህ መሃል አባቷ እጁን ታጥቦ፣ እጅጌውን እንደጠቀለለ ወጣ። ክርኑ ላይ ጠቁሮ ዳር ዳሩ ወደ ቢጫነት የዞረ ሰንበር አለ።

"አባዬ፣ ክርንህ ምን ሆኖ ነው?"

"ምኑ?" እጅጌውን ሊያወርድ ቸኮለ። "ኧረ እሱ፣ በር ነው። በር መታኝ።"

"የትኛው በር?"

አባቷ ከዘራውን ካንዱ እጁ ወደ ሌላው አዛወረ። ውሸት አያውቅበትም፤ ዱሮም እናቷ ፊቱን አይታ ነበር የምትይዘው።

"መብራቱ ዘግይቶብህ ነው አይደል?" አለች ልጅቷ። "ጨለማው ውስጥ ገብተህ ነው የወደቅከው።"

"ወደቅኩ አይባልም። ተደገፍኩ። ግድግዳው ትንሽ ራቀብኝ እንጂ።"

"አባዬ!"

"እኔ ነኝ የቸኮልኩት። አሁን ለምጄዋለሁ፣ ችግር የለውም። ቀደም ብዬ እጫናለሁ፣ እኔ እስክደርስ እሱም ይደርሳል። የበሩንም እንደዚያው፣ የሰው ኮቴ ስሰማ እጫናለሁ።"

"ከመቼ ጀምሮ?"

"እኔ እንጃ። ካሜራው ከገባ ወዲህ መሰለኝ።"

ደሟ ፈላ። በእሱ ይሁን በራሷ እንደተናደደች ግን ለይታ አታውቅም ነበር። "ለምን አልነገርከኝም?"

"ምን ብዬ ልንገርሽ?" አለ አባቷ፤ እሱም ድምፁ ከፍ አለ። "ለሰፈሩ ሁሉ የልጄ ሥራ እንከን የለውም እያልኩ ስለፍፍ ከርሜ፣ ላንቺ ዞሬ ሥራሽ ሰነፈ ልበልሽ? እኔ አባትሽ አይደለሁም እንዴ? ሌላው ይበልሽ!"

ስንት ወር ሙሉ ይህ ሰው የሷን ስም ላለማጉደፍ ሲል በገዛ ቤቱ እየተጠነቀቀ፣ እያሰላ፣ እየቀደመ ሲኖር፣ እሷ ደግሞ "ገና ሳልደርስ ያውቀኛል" ሲላት እየሰማች በደስታ ወደ ቤቷ ስትመለስ ኖራለች። ሊስቁበት የሚቻል ነገር ነበር፣ ክርኑ ባይጠቁር።

"አንድ ነገር ልጠይቅህ፣" አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። "ፍሬኑ ዘግይቶ የሚይዝ አውቶቡስ ብትረከብ፣ ቀደም ብለህ እየረገጥክ ትነዳው ነበር?"

ጥያቄው የት እንደሚያደርሰው ገብቶታል፤ ለሙያው ግን መዋሸት አልቻለም።

"አልነዳውም።"

"ምን ታደርገው ነበር?"

"ቁልፉን ጋራዥ ኃላፊው ጠረጴዛ ላይ ወርውሬ፣ 'ካልሠራችሁት አላንቀሳቅሰውም' ነው የምለው። ብዬም አውቃለሁ።" ቀጠል አድርጎም፣ "የሰው ነፍስ ነው የጫንኩት፣ ቀልድ አይደለም" አለ።

"እኔስ ማንን ነው የጫንኩት?"

አባቷ ወደ ሶፋው ተመልሶ ተቀመጠና ዓሣዎቹን ማየት ጀመረ።

ልጅቷ ላፕቶፗን ከፍታ ሳጥኗ ውስጥ የሚሆነውን ተመለከተች። ነገሩን ለማግኘት ብዙ አልደከመችም። ከአጥሩ ውጭ ያለው ዛፍ አንድ ቅርንጫፉ በሩ ላይ ዘንበል ብሏል። ንፋስ በነካው ቁጥር ካሜራው "ሰው መጣ!" ብሎ ምስል ይልካል፤ ሳጥኗም ሌላውን ሥራ ሁሉ ትታ ቅጠል በቅጠል ፊት ስትፈልግ ትውላለች። የአባቷ የመብራት ትእዛዝ ከቅጠሎቹ ኋላ ተሰልፎ ተራውን ይጠብቃል። በዚያ ላይ ሙዚቃው፣ መጋረጃው፣ ባለቀለሙ መብራት። የሳጥኗ ጥፋት አልነበረም፤ የጫነችባት እሷ ናት።

መኪናዋ ውስጥ ለሙከራ የምትጠቀምበት ሌላ መቆጣጠሪያ አለ። ሄዳ አመጣችው።

"ቤቱን ለሁለት ልከፍለው ነው" አለችው።

"ምኑን ለሁለት?"

"ሥራውን። ግማሹን ለዚህኛው፣ ግማሹን ለአዲሱ።"

አባቷ ከሶፋው ሊነሳ ቃጣው። "ዛሬ? ዳይሬክተሩ ሊመጣ? ሁለት ሳጥን ግድግዳ ላይ ሲያይ ምን ይላል? 'የመጀመሪያው አልቻለም ማለት ነው' አይልም?"

"አልቻለማ።"

"አትበይ እንደሱ! አንድ መኪና ላይ ሁለት ሾፌር አይቼ አላውቅም።"

"አንተ ስትነዳ ትኬት ትቆርጥ ነበር?"

"እኔ? ለምን ብዬ?"

"መልስ ትቆጥር ነበር? ተሳፋሪ ፌርማታ ሲጠይቅህ ትመልስ ነበር? ለሕፃን ወንበር ታስለቅቅ ነበር?"

"ትኬት ቆራጩ ምን ሊሠራ?" አለ አባቷ። ከዚያ የተናገረውን ራሱ ሰማውና ሳቅ አመለጠው። "አይ አንቺ! በገዛ አውቶቡሴ ገጨሽኝ።"

"እንግዲህ ሾፌሩ ይንዳ። ትኬት ቆራጭ ቀጥሬለታለሁ።"

ከዚያ ክርክሩ ሌላ መልክ ያዘ። የትኛው ዕቃ ከማን ጋር ይሁን? ልጅቷ ሕጉን በአንድ ዓረፍተ ነገር አወጣችው፦ ሲዘገይ አባቷን የሚጥለው ነገር ከሾፌሩ ጋር፣ ሲዘገይ የሚያሳፍረው ነገር ከትኬት ቆራጩ ጋር። አባቷ ሕጉን ተቀበለ። ወዲያው ደግሞ ሊጥሰው ተነሳ።

"ሙዚቃው ከሾፌሩ ጋር ይሁንልኝ።"

"ሙዚቃ ቢዘገይ ትወድቃለህ?"

"ቅር ይለኛል።"

"ቅር ይበልህ። ትኬት ቆራጭ።"

"መጋረጃውስ? እንግዳ ፊት ነው የሚከፈተው።"

"ትኬት ቆራጭ።"

"ዓሣዎቹን ግን እሺ አልልም። እነሱ ነፍስ አላቸው።"

"ምሳቸው ትንሽ ቢዘገይ የሞተ ዓሣ የለም፣ አባዬ።"

"አንቺ ክፉ ሆነሻል ዛሬ" አለ። ከቅድም ጀምሮ የተጨፈገገው ፊቱ ግን ተፈትቶ ነበር። የአልጋውን ደወል ስትጠራ፣ "እሱን እንኳ ተጠቅሜበትም አላውቅ፣ የፈለግሽው ጋ ወርውሪው" አላት። ልጅቷ ቀና ብላ አየችውና፣ "ሾፌሩ ጋ። ከሁሉ በፊት" አለች። አልተከራከራትም።

ሳጥኗን ከግድግዳው አወረደች። ሽቦዎቹን እየለየች፣ እያሰረች፣ እየፈተሸች ስትሠራ ቤቱ ሙሉ በሙሉ ዝም አለ፤ መብራት የለ፣ ፓምፕ የለ፣ ደወል የለ። አንድ ሌላ ሥራም ጨመረች፦ የኮሪደሩና የመታጠቢያ ቤቱ ማብሪያዎች ሾፌሩ ቢታመም እንኳ ማንንም ሳያስፈቅዱ መብራታቸውን እንዲያበሩ አደረገቻቸው። ይህን ገና ከመጀመሪያው ማድረግ ነበረባት። "አንድ ሾፌር፣ ሙሉ ቤት" የሚለው አባባል ደስ ብሏት ነው የተወችው። ከንፈሯን ነክሳ ሽቦውን አጠበቀች።

ሥራው ገና አጋማሽ ላይ ሳለ ውጭ የመኪና ጡሩምባ ጮኸ።

"እሱ ነው!" አለ አባቷ። "መቼስ ይኼ ሰውዬ ቀድሞ ካልመጣ የመጣ አይመስለውም!" ሪሞቷን ጫን አደረገ። ልምድ ሆኖበት ነው እንጂ በሩ እንደማይከፈት ያውቃል።

"ቁጭ በል፣ እኔ እከፍትላቸዋለሁ" አለች ልጅቷ ከተንበረከከችበት እየተነሳች።

"አንቺ ሥራሽን ሥሪ። የቤቱ ባለቤት እኔ ነኝ፣ የምከፍተውም እኔ ነኝ።"

ከዘራውን ተመርኩዞ በግቢው አለፈ። ልጅቷ ሽቦው በእጇ እንዳለ በመስኮቱ አየችው። የብረቱን መቀርቀሪያ በአንድ እጁ ሲታገል፣ ትከሻውን አስደግፎ በሩን ሲገፋ ቆይቶ ከፈተው። ዳይሬክተሩ ሙሉ ልብሳቸውን ለብሰው በሩ ላይ ቆመዋል። ወንድማቸውን ከእግር እስከ ራሱ አዩት።

"ይኸው!" አሉ ገና ሳይገቡ። "በር ለመክፈት እንኳ ይኼን ያህል! የታለ ታዲያ ያ በስልክ የምትፎክርበት ቤት?"

"ጥገና ላይ ነው፣ ወንድም ጋሼ። ግባ።"

ዳይሬክተሩ ጨለማው ኮሪደር ላይ ሲደርሱ ቆሙ። በየቦታው የተዘረጋ ሽቦ፣ የተፈታ ሳጥን፣ ወለሉ ላይ የተንበረከከች የወንድማቸው ልጅ። ለሰላምታ ስትነሳ ግንባሯን ሳሟት፤ ይወዷታል። ቁጣቸውን ግን አልተዉትም።

"የታመመ ሰው ቤት ውስጥ አስቀምጦ እንዲህ ማተራመስ ምን ማለት ነው፣ ልጄ? ብትወድቂብኝ፣ ቢወድቅብኝ?"

"ልክ ነዎት ጋሼ" አለች። "እንዳይወድቅ ነው የምሠራው። ትንሽ ይታገሱኝ።"

ከአሁን በፊት ሥራዋን እንዲህ ባለ ዓይን ሥር ሠርታ አታውቅም። ሁለቱ ወንድማማቾች ሳሎን ተቀምጠው የዳይሬክተሩ ድምፅ እስከ ኮሪደሩ ይሰማታል፤ ስለተሰናዳው ክፍል፣ ስለ ለስላሳው ፍራሽ፣ መስኮቱ ወደ አትክልት ስፍራው ስለመዞሩ። የአባቷ ድምፅ ግን አይሰማም። ዝምታው ያስፈራት ጀመር። ሰው በተናገረ ቁጥር ጣልቃ የሚገባ አባቷ ዝም ካለ፣ በልቡ ሻንጣ ማዘጋጀት ጀምሯል ማለት ነው። ላብ ዓይኗ ውስጥ እየገባ የመጨረሻዎቹን ሽቦዎች አሰረች፣ ሁለቱን ሳጥኖች ጎን ለጎን ሰቀለችና ኃይል ለቀቀችላቸው። ሁለት ትናንሽ አረንጓዴ መብራቶች በሩ።

"አባዬ፣ ና እስቲ" ብላ ተጣራች።

አባቷ ተነሳ። ዳይሬክተሩም ተማሪ እንደሚያስፈትን ሰው እጃቸውን ወደኋላ አጣምረው ተከተሉት። አባቷ ኮሪደሩ መግቢያ ላይ ሲደርስ እጁ በልምድ ወደ ሪሞቷ ሄደ።

"አሁን አትጫን" አለች ልጅቷ። "በሩ ጋ ድረስ፣ ከዚያ ተጫን።"

"ጨለማ እኮ ነው።"

"አውቃለሁ። እኔ አጠገብህ ነኝ።"

አባቷ አያት። ከዚያ ጤነኛ እግሩን አስቀደመ። በጨለማው ውስጥ የከዘራው ድምፅ ብቻ ይሰማል። በሩ ላይ ቆመ፣ ትንፋሹን ሳበ፣ ተጫነ።

መብራቱ ጣቱ ገና ከቁልፉ ሳይነሳ በራ።

አባቷ አጠፋው። አበራው። እንደገና አጠፋው፣ አበራው። ከዚያ ከዘራውን ግድግዳው ላይ አስደግፎ የግድግዳውን ማብሪያ በመዳፉ መታው፤ እሱም ታዘዘ። ዞር ሲል ዓይኖቹ እርጥብ ነበሩ።

"ይኼ አውቶቡስ ይነዳል" አለ።

ልጅቷ ሰው የማያውቀው፣ ጭብጨባ የማያስከትል ትንሽ ነገር ነው የሠራችው፦ መብራት ሲነኩት ይበራል። ሆኖም ከሠራችው ሁሉ ይህን ያህል ያኮራት የለም።

ዳይሬክተሩ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "ጥሩ ነው። በእውነት ጥሩ ነው፣ ልጄ፣ እጅሽ ይባረክ። ቢሆንም..." ወደ ወንድማቸው ዞሩ። "መብራት ብቻውን ሰው አይጦርም። ዛሬ ሠራ፣ ነገስ? አንተ እንደሆንክ አንዴ 'ደህና ነኝ' ካልክ ደህና ነኝ ነህ። ብትሞት እንኳ ተነስተህ 'ደህና ነኝ' የምትል ሰው ነህ። እኔን የሚያስፈራኝ እሱ ነው።"

ልጅቷ እውነት መሆኑን ታውቃለች።

ሻይ አፍልታ አቀረበች። የከሰዓት በኋላዋ ፀሐይ በሰፊው መስኮት ገብታ ዳይሬክተሩን ዓይናቸው ላይ ያዘቻቸው። መዳፋቸውን ግንባራቸው ላይ እንደ ቆብ አድርገው፣ "እስቲ ያን የምታወራለትን መጋረጃህን እዘዝልኝ" አሉ።

አባቷ ሪሞቷን ተጫነ። መጋረጃው አልተንቀሳቀሰም።

ልጅቷ ወዲያው ገባት። ውጭ ንፋስ ተነስቷል፣ ቅርንጫፉ ይወዛወዛል፤ ከመጋረጃው ጋር ካሜራውንም የወረሰው ትኬት ቆራጭ ቅጠሎቹን ትኬት እየጠየቀ ነው። ይህ ማንንም አይጥልም። ግን ዳይሬክተሩ ነቅፈው ሊይዙት የመጡት ይህንኑ ነው፤ አንድ የማይሠራ ነገር። አባቷን አየችው። እሱም አፉን ከፈተ። ምን ሊያደርግ እንደሆነ አወቀችው፤ አንድ ወሬ ሊጀምር ነው፣ መጋረጃው እስኪደርስ የሚሞላ ወሬ፣ ስንት ወር ሙሉ ሲያደርገው እንደኖረው።

"የማዶው ጡረተኛ ባለፈው ምን እንዳለኝ..." ብሎ ጀመረ። ቆመ። መጋረጃውን አየ፣ ወንድሙን አየ። ሻዩን አስቀመጠ።

"ልጄ፣ መጋረጃው ዘግይቷል" አለ።

ዳይሬክተሩ መዳፋቸውን ከግንባራቸው አወረዱ። "ዘግይቷል?"

"ዘግይቷል። አይተኸዋል እኮ። ፀሐይ ዓይንህን እስኪያጠፋው ድረስ ቆሟል፤ ይኼ ሥራ አይደለም።" ከዚያ ወደ ልጁ ዞረ፤ አነጋገሩ የጋራዡን ኃላፊ ፊት ለፊት እንደያዘ ሰው ነበር። "አልወደድኩትም። አስተካክዪው።"

መጋረጃው አሁን፣ ሁሉ ነገር ካለቀ በኋላ፣ እያቃሰተ መዘጋት ጀመረ። ማንም አላየውም።

"እኔ ፊት የልጅህን ሥራ ነቀፍክ" አሉ ዳይሬክተሩ በመገረም። ያን ሁሉ ዓመት ይህን ከወንድማቸው አፍ ሰምተው አያውቁም።

"የቤቴን መጋረጃ ነው የነቀፍኩት።"

ዳይሬክተሩ ስኒያቸውን አሽከረከሩ። "እኔ ቤት ብትሆንስ? እኔ ቤት ሾርባው ጨው ቢያንሰው ትነግረኝ ነበር?"

"እውነቱን ልንገርህ?"

"ንገረኝ።"

"አልነግርህም። 'እጃችሁ ይባረክ' ብዬ ጨርሼ ነው የምጠጣው። ቢበርደኝም አልነግርህ፣ ብወድቅም አልነግርህ። እንግዳ ነኛ!"

ዳይሬክተሩ መነጽራቸውን አውልቀው በመሃረባቸው ጠረጉት፤ መጥረጉም ከሚገባው በላይ ረዘመባቸው። መልሰው ሲያደርጉት ድምፃቸው የትምህርት ቤት ድምፅ አልነበረም።

"ክፍሉ እንግዲህ ይቆይ" አሉ። "እሑድ እሑድ ምሳ ልትበላ ትመጣበታለህ። ሾርባውንም ጨው አነሰው በል፣ እንለማመድ።"

ልጅቷ ሳቀች፤ ሳቋ ውስጥ እንባ ነበረበት። አባቷ እስከ ዛሬ ለሰፈሩ ሁሉ ሲያመሰግናት ሰምታ እንዲህ ደስ ብሏት አያውቅም። "አልወደድኩትም፣ አስተካክዪው።" ይህን የሚለው ነገ እንደሚሠራለት የሚያምን ሰው ነው። ካሁን በኋላ የሚያመው ነገር ቢኖር ከሁሉ ቀድማ የምትሰማው እሷ ትሆናለች። ስኒዋን አስቀምጣ ተነሳች።

"ካሜራውን ከቅርንጫፉ ላይ ላዞረው ነው። ሻያችሁን ጠጡ፣ ጓዳ ያለውን መሰላል ይዤ ብቻዬን እወጣዋለሁ።"

"ብቻሽን አትወጪም" አለ አባቷ። ሶፋው ላይ ወደኋላ ተደላድሎ ተቀመጠ፣ ከዘራውን ጉልበቱ ላይ አጋደመ፣ ከዚያ ያን ሰው ሁሉ የሚታዘዝላቸውን ታላቅ ወንድሙን በዓይኑ ፈለጋቸው። "ወንድም ጋሼ፣ ተነስ እስቲ፣ መሰላሉን ያዝላት። እኔ እዚህ ሆኜ መጋረጃውን አያለሁ፤ ከዘገየ እጮህላችኋለሁ።"

ዳይሬክተሩ ኮታቸውን አውልቀው ወንበሩ መደገፊያ ላይ ሰቀሉና፣ እጅጌያቸውን እየሰበሰቡ ልጅቷን ተከትለው ወጡ።